ቀለሙ ቀስ በቀስ የሚለወጥ የኪሮሽ ብርድ ልብስ፦ መስመሩ እንዳይታይ ምን ይደረግ?

ከቶሳ ሥር (ደሴ)፣ ነሐሴ 2

እንደምን ሰነበታችሁ። ኪሮሽ የያዝሁት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሠራሁት ሁሉ ዳንቴል ነው፤ የጠረጴዛ፣ የሶፋ፣ የቴሌቪዥን፣ የረከቦት መሸፈኛ፣ ሁሉም በነጭ ወይም በክሬም ክር። ብርድ ልብስ ሠርቼ አላውቅም፤ ብዙ ቀለም በአንድ ሥራ ላይ አዋሕጄም አላውቅም።

እናቴ የምትኖረው ደላንታ፣ ከወገል ጤና ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። የዚያን አገር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፈትላ ያለበሰችኝ ሴት ናት፤ ለሠርጌ የለበስሁት ቀሚስና ነጠላ ማጉ ከእሷ እንዝርት የወጣ ነበር። አሁን ጣቶቿ እንዝርት ማሾር እንቢ ብለዋታል። ስለዚህ ብርዱ ሳይበረታ በእጄ የተሠራ ብርድ ልብስ ላደርስላት ተነሣሁ። ቀለሙንም ከደጇ ፊት ለፊት ካለው የገብስ ማሳ ወሰድሁ፦ ከታች የታረሰው ጥቁር አፈር፣ ቀጥሎ ቡቃያው፣ ከዚያ እሸቱ፣ ከዚያ ዛላው ቢጫ ሲል፣ በመጨረሻም ገለባው እየነጣ ሲሄድ። ማሳ ላይ አንዱ ወደ ሌላው መቼ እንደተሻገረ አይታወቅም፤ ብርድ ልብሱም እንደዚያ እንዲሆንልኝ ነው ምኞቴ።

ከሰኞ ገበያ ስድስት ቀለም ክር ገዛሁ፤ ጥቁር ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅጠል አረንጓዴ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ሽሮ መልክና ክሬም። በዚሁ ቅደም ተከተል እያንዳንዱን ዐሥር ዐሥር ረድፍ እየሠራሁ እስከ ሽሮ መልኩ ከደረስሁ በኋላ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ራቅ ብዬ ሳየው፣ ማሳ ሳይሆን ደረጃ ሆኖ አገኘሁት። ከሁሉ የከፋው ቢጫው ነው፤ መኻሉን መቀነት የታጠቀ አስመሰለው። ዛሬ ጧት ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተረተርሁት።

ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየሟሙ እንዲሄዱ የሚያደርግ መንገድ ካለ ንገሩኝ። ቀለሙ በራሱ የሚለዋወጥ ክር ከውጭ አገር እንደሚመጣ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ባገኘው እንኳ የእናቴን ማሳ ቀለም ይዞ አይመጣልኝም። ከስድስቱ ክሮች ጋር ምን ላድርግ?

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፣ ነሐሴ 2

አብሽሪ እህቴ፣ የተረተርሽው ክር የትም አልሄደም፤ ልቃቂት አድርገሽ አጠንጥኝው።

ደረጃ የሆነብሽ ከድፍን ቀለም ወደ ድፍን ቀለም በአንድ ረድፍ ስለ ዘለልሽ ነው። እኔ የምሠራበትን ልንገርሽ። ምንጊዜም ሁለት ክር አንድ ላይ ይዤ እሠራለሁ። መጀመሪያ ሁለቱም ክሮች ቡናማ ናቸው። ቀጥሎ አንዱን ቡናማ ትቼ በቦታው ጥቁር አረንጓዴ አስገባለሁ፤ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ዓይን (በኪሮሹ የሚሠራው አንዱ ቋጠሮ) ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ የቀረውን ቡናማም አውጥቼ ሁለቱንም አረንጓዴ አደርጋለሁ። ቀጥሎ አረንጓዴና ተከታዩ፣ ከዚያ ሁለቱም ተከታዩ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በሁለት ድፍን ቀለሞች መካከል ሁልጊዜ ድብልቁ ይገባል ማለት ነው። ክር በለወጥሽ ቁጥር አንዱ ብቻ ስለሚለወጥ ሌላው ሳይቋረጥ ያልፋል፤ መስመሩን የሚያጠፋው ይህ ነው።

ሂሳቡን ሳትሠሪ ግን አትጀምሪ፤ ብዙ ሰው መኻል መንገድ ላይ ክር የሚያልቅበት በዚህ ነው። በሁለት ክር፣ በ6 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሥሪ። ከዚያ ቅመም ሻጭ ዘንድ ወስደሽ አስመዝኝው። የእኔ 25 ግራም ይመዝናል። 120 በ160 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ የዚያ ናሙና 48 እጥፍ ስለሆነ 48 ጊዜ 25፣ ማለት 1,200 ግራም ክር ይፈልጋል። ረድፉንም ቁጠሪ። እኔ የምሠራው መካከለኛውን ዓይን ነው፤ ክሩ አንዴ ኪሮሹ ላይ ተጠምጥሞ ሦስቱም ቀለበቶች በአንድ ጊዜ የሚሳቡበት ማለቴ ነው። በእሱ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 8 ረድፍ ይገባል፤ 160 ሴንቲ ሜትር 128 ረድፍ ይሆናል።

ስምንት ቀለም ቢኖርሽ ስምንቱ ድፍኖችና ሰባቱ ድብልቆች ተደምረው 15 ክፍል ይሆናሉ። ለድፍኖቹ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ለድብልቆቹ ስምንት ስምንት ረድፍ ብትሰጪ 72 እና 56፣ ድምሩ 128፣ ልክ ይመጣል። ዳር ያሉት ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ድብልቅ ብቻ ስለሚገቡ 122 ግራም ያህል ይበቃቸዋል፤ የመካከለኞቹ ግን እያንዳንዳቸው ወደ 160 ግራም ይፈጃሉ። ከዚህ በላይ ትንሽ ትርፍ ያዢ፤ ስትገዥም በወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ። አንድ ስም ይዞ ቁጥሩ የተለያየ ክር በገበያ ላይ አንድ መስሎ፣ ቤት ሲገባ ሁለት ይሆናል።

ክሮቹን ማስተካከልም አለ፤ በአንድ እንቅብ ውስጥ አታስቀምጫቸው፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርጊ። ሁለቱም አንድ ቀለም ሲሆኑ ልቃቂቱን በሚዛን ለሁለት ክፈይው። ከአንድ ልቃቂት ከውስጥም ከውጭም ስቤ እሠራለሁ ያልሁ ጊዜ ውሉ ጠፍቶብኝ ግማሽ ቀን ስፈታ ውያለሁ።

የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ደግሞ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደርድረሽ እያቸው። በዚያ ሰዓት የቀለሙ ስም ይጠፋና ጥቁረቱና ንጣቱ ብቻ ይቀራል።

የሸማኔ ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ነሐሴ 3

እትዬ፣ አባቴ ሸማኔ ስለ ነበር እትዬ ሐይቅ ዳር የጻፉትን ሳነብ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ድሩ አንድ ቀለም፣ ማጉ ሌላ ቀለም ሲሆን ጨርቁ ሁለቱንም አይመስልም፤ በመካከላቸው ያለ ሦስተኛ ቀለም ይወጣዋል። ድሩ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ስለሆነ አይለወጥም፤ መወርወሪያው ውስጥ ያለውን ቀሰም በለወጠ ቁጥር ግን ጨርቁ መልኩን ይለውጣል፤ ሆኖም ድሩ በሁሉም ውስጥ ስለሚያልፍ ቀለሞቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ይታያሉ።

ኪሮሽ ድርና ማግ ባይኖረውም ይህን መኮረጅ ይቻላል። አንዱን ክር፣ ለምሳሌ ሽሮ መልኩን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለውጡ እንደ ድር ይያዙት፤ ሌላውን ብቻ ይለውጡ። ቀለም ላነሰው ሰው ይህ የተሻለ ይመስለኛል፤ ሁሉም ቀለም በሽሮ መልኩ ስለሚታጠብ ዝላዩ በግማሽ ይቀንሳል።

ጉድለትም አለው። ጥቁሩ አፈር ከእንግዲህ ጥቁር አይሆንም፤ ይደበዝዛል። ክሬሙም እንደ ውርጭ አይነጣም። ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ እንደ መቁረጥ ነው።

ከቶሳ ሥር (ደሴ)፣ ነሐሴ 3

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ የድሩ ነገር በጣም ገብቶኛል፤ ነገር ግን አፈሩ እንዲደበዝዝ አልፈልግም። እናቴ መጀመሪያ የምታየው አፈሩን ነው፤ ገብሱ የበልግ ይሁን የመኸር፣ ወሬዋ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው።

እህቴ ሐይቅ ዳር፣ ትናንት ማታ እንዳልሽው ክሮቹን በረንዳ ላይ ደርድሬ መብራት ሳይበራ አየኋቸው። ሁለቱ አረንጓዴዎች ቀን ከማያቸው የነጡ፣ ቡናማው ደግሞ ፈጽሞ የጠቆረ መሰለኝ። ቀን ያየሁትን ልመን ወይስ የማታውን? ሁለተኛው ፍርሃቴ ክብደቱ ነው፤ 1,200 ግራም ለአንዲት ቀጭን አሮጊት አይከብድም?

መምህሩ (ወልድያ)፣ ነሐሴ 4

የሥዕል መምህር ነኝ፤ ኪሮሽ ባልችልም ስለ ቀለሙ ጥቂት ልበል።

እትዬ ሐይቅ ዳር ጥቁረትንና ንጣትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል ማለታቸው ትክክል ነው፤ የነገሩ ሁሉ መሠረት እሱ ነው። ምሽቱ ግን ዳኛ አይሆንም። ብርሃን ሲያንስ ዓይናችን ቀይና ቀይነት ያላቸውን ቀለሞች ይበልጥ ጥቁር፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ደግሞ ይበልጥ ነጣ አድርጎ ያያል። የእርስዎ ቡናማ ቀይነት ስላለበት ጠቆረ፤ አረንጓዴዎቹም ነጡ። ከዚህ ይልቅ በቀን፣ በጥላ ሥር፣ ክሮቹን ጎን ለጎን አድርገው በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት።

ያን ሲያደርጉ መቀነቱ ከየት እንደመጣ ያዩታል ብዬ አስባለሁ። የሠሩበት ቅደም ተከተል ጥቁር ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅጠል አረንጓዴ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ሽሮ መልክ፣ ክሬም ነው። ደማቅ ቢጫ ከሽሮ መልክ የበለጠ ብሩህ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ከታች ወደ ላይ እየነጣ ይመጣና ቢጫው ላይ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ሽሮ መልኩ ላይ ተመልሶ ይጠቁራል፤ ከዚያ ክሬሙ ላይ እንደገና ይነጣል። ዓይን እየወጣ የመጣውን መንገድ ሲወርድ ሲያገኘው እዚያው ይቆማል፤ የቆመበትን ቦታ ነው እርስዎ መቀነት ያሉት። ሽሮ መልኩን ከቢጫው በፊት ቢያደርጉት ዐቀበቱ ሳይሰበር ይቀጥላል። ማሳውስ ቢሆን? ዛላው ቢጫ ከማለቱ በፊት አረንጓዴው የሚጠወልግበት፣ ሽሮ የሚመስልበት ጊዜ አለው።

ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በፓሪስ የጎብላን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ጥንካሬ የለውም የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሲመረምረው ማቅለሚያው ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ጥናቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 አሳትሞ፣ አንድ ቀለም በጎረቤቱ ምክንያት መልኩ እንደሚለወጥ አስረዳ። ለእርስዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ክርን ለብቻው በእጅ ይዞ መምረጥ ያሳስታል፤ ከሚከተለውና ከሚቀድመው ጋር ጠምዝዘው፣ በጣትዎ ላይ ጠምጥመው ይዩት።

ደማቅ ቢጫውን ደግሞ ለብቻው ባያሳዩት ይሻላል። ጎረቤቶቹን ሁሉ የሚያስረሳ ቀለም ነው። ከሽሮ መልኩ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከነጣ ያለ ሌላ ክር ጋር አንድ ጊዜ ይጣመር፤ ድፍን ቢጫ የሚባል ክፍል አይኑርዎት።

ገራዶ (ደሴ ዙሪያ)፣ ነሐሴ 4

እኔ በሁለት ክር አልስማማም። ሁለት ክር ሥራውን ያወፍረዋል፣ ያከብደዋል፤ ዓይኑም ዥንጉርጉር እንጂ የጠራ አይሆንም። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርሁት በአንድ ክርና በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ መሥራት ነው፤ ቀለሙም የሚሻገረው በረድፍ ብዛት ነው። አምስት ረድፍ ቡናማ፣ አንድ ረድፍ አረንጓዴ፤ አራት ቡናማ፣ ሁለት አረንጓዴ፤ ሦስት፣ ሦስት፤ ሁለት፣ አራት፤ አንድ፣ አምስት። በ30 ረድፍ ውስጥ ቡናማው እየሳሳ፣ አረንጓዴው እየወፈረ ይሻገራል። ስድስቱ ቀለሞችዎ አምስት መሻገሪያ አላቸው፤ ያ 150 ረድፍ ነው። ለድፍኖቹ አምስት አምስት ረድፍ ቢጨምሩ 180 ይሆናል፤ በቀጭኑ ክር 160 ሴንቲ ሜትር የሚሞላውም ያንኑ ያህል ነው። ሌላ ክር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግዎትም።

ለአሮጊት እናት ቀላል ነገር ይሻላል። ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ በሚይዘው አየር ነው እንጂ በክብደቱ አይደለም።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፣ ነሐሴ 5

ገራዶ ያሉት መንገድ ያምራል፤ እኔም የሕፃን ልብስ ስሠራ እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በአንዱ መሻገሪያ ውስጥ ክሩ ዘጠኝ ጊዜ ይለወጣል፤ በአምስቱ 45 ጊዜ ነው። ረድፉ ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ የተውነው ክር በወዲያኛው ጠርዝ ስለሚቀር ስቦ ማምጣት አይቻልም፤ መቁረጥ ግድ ነው። በሁለት ክር ስምንት ቀለም ሲሠራ የሚለወጠው 14 ጊዜ ብቻ ነው። ጫፍ መቅበር የማይሰለቸው ሰው ገና አላየሁም። ሁለተኛ፣ አንድ ረድፍ አረንጓዴ በአምስት ቡናማ መካከል ሲገባ ከሩቅ ሟሙቶ ይታያል፤ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ግን መስመር ነው። የእህታችን ጥያቄ መስመሩን ለማጥፋት ነው።

ስለ አየሩ የተባለው እውነት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ በሁለት ክር ስትሠሪ እጅሽን አላዪው። ዳንቴል የለመደ እጅ ያጠብቃል፤ የጠበቀ ብርድ ልብስ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ይቆማል፤ ክብደት የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው። በተለይ የመጀመሪያውን ሰንሰለት በአንድ ቁጥር በሚበልጥ ኪሮሽ ሥሪው፤ አለበለዚያ ታችኛው ጠርዝ ይሰበሰባል። በየረድፉ መጀመሪያና መጨረሻ ዓይን ላይ ሌላ ቀለም ክር ምልክት እሰሪ። ብዙዎች በየረድፉ አንድ ዓይን ሳያውቁ እየጣሉ፣ ብርድ ልብሱ ወደ ላይ እየጠበበ ከሄደ በኋላ ነው የሚነቁት።

አዲሱን ቀለም ስታስገቢ ደግሞ አሮጌው ረድፍ ካለቀ በኋላ አይደለም። የመጨረሻው ዓይን ሊዘጋ አንድ ስበት ሲቀረው ያንን ስበት በአዲሱ ክር ሳቢው። ይህን ካላደረግሽ የቀደመው ቀለም በሚቀጥለው ረድፍ ራስ ላይ እንደ ነጠብጣብ ይቀራል።

ከልባሽ ክር (ከሚሴ)፣ ነሐሴ 6

እትዬ፣ ቀለም አነሰኝ ካሉ ልባሽ ሹራብ ከሚሸጥበት ይሂዱ። እኔ አዲስ ክር የምገዛው ከስንት አንዴ ነው። አዲስ ክር የሚመጣው በደማቅ ቀለም ሲሆን፣ የጠወለገ አረንጓዴ፣ የገለባ ቀለም፣ ዳለቻ፣ ቡላ የሚገኘው ከለበሰ ሹራብ ነው።

ሲገዙ ግን ሹራቡን ገልብጠው የጎኑን ስፌት ይመልከቱ። ሁለቱ ጠርዞች ሳይቆረጡ በክር ብቻ የተያያዙ ከሆኑ ስፌቱን ፈትተው ከላይ ወደ ታች ሲስቡት ክሩ ሳይቋረጥ ይመጣል። በመኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ተቆርጧልና የሚያገኙት አጫጭር ቁራጭ ነው፤ ያንን አይግዙ።

የተፈታው ክር ተጠማዞ ይወጣል። የወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልለው ቱባ ያድርጉት፣ አራት ቦታ ላላ አድርገው ይሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ይንከሩት፣ ከዚያ ቀላል ነገር አንጠልጥለውበት በጥላ ያድርቁት። ይቃናል።

ሌላው ክሩን መለየት ነው። ሻጭ ሁሉንም ሱፍ ይለዋል። ጣት የምታህል ቁራጭ ወስደው በክብሪት ያቃጥሉ። እውነተኛ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ይቻላል፣ ነገር ግን የትኛው የት እንዳለ ይመዝግቡ።

ከቶሳ ሥር (ደሴ)፣ መስከረም 15

ዝም ያልሁት ሥራው ይዞኝ ነው። የደረስሁበትን ልንገራችሁ።

ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስለውጠው መምህሩ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት፤ ቢጫው ከክሬሙ ጋር ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም፤ ሽሮ መልኩ ከእሱ በታች ነበር። ይህን በዓይኔ እያየሁ ለምን እንዳልታየኝ ገረመኝ። ከዚያ ልባሽ ገበያ ሄጄ ሁለት ሹራብ ገዛሁ፤ አንዱ እሸት የሚመስል ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ሌላው የገለባ ቀለም። አረንጓዴው ሲቃጠል ቀለጠ፤ ገለባው ግን እውነተኛ ሱፍ ሆኖ ተገኘ። ሲፈታ ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

አሁን ስምንት ቀለም አለኝ፤ ቅደም ተከተሉም ጥቁር ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅጠል አረንጓዴ፣ እሸት፣ ሽሮ መልክ፣ ቢጫ፣ ገለባ፣ ክሬም ሆነ። የምሠራው በሁለት ክር ነው። ሁለቱንም ናሙና ሠርቼ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ አንድ ማታ አሳለፍሁ፤ ለደላንታ ብርድ የአንዱ ክር አነሰኝ። ገራዶ ይቅር ይበሉኝ፤ ምክርዎ ግን አልባከነም፤ ከሽሮ መልኩ ወደ ቢጫው በሚሻገረው ቦታ አሁንም ዝላይ ስለታየኝ፣ ሁለት ረድፍ ወደፊት፣ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ እያልሁ አዋዛሁት። ቢጫውን ለብቻው አላሳየሁትም፤ ከሽሮ መልኩ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከገለባው ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ገባ። ስለዚህ ክፍሎቹ 15 መሆናቸው ቀርቶ 14 ሆኑ። ዘጠኝ ዘጠኝ ረድፍ ሰጠኋቸው፤ 126 ሆነ፤ የቀሩትን ሁለት ረድፎች ለአፈሩ ጨመርሁለት። ዛሬ 91ኛው ረድፍ ላይ ነኝ።

የድሩን ሐሳብም ሞክሬዋለሁ፤ በትንሽ ናሙና ላይ ሽሮ መልኩን በሁሉም ውስጥ አሳልፌ ሠራሁ። በጣም ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ ጭጋግ የወረደበት ማሳ መሰለ። ለራሴ አንድ የምሠራው በዚያ መንገድ ነው።

የሸማኔ ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ መስከረም 15

እትዬ፣ ጫፎቹን ሲቀብሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይቅበሩ። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉና ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ግራ ያስገቡት። በአንድ አቅጣጫ የገባ ክር ጨርቁ ሲወጠር ሾልኮ ይወጣል። እያንዳንዱን ጫፍ የራሱ ቀለም ባለበት ክፍል ውስጥ መቅበር ነው፤ አለበለዚያ የለፉበት መሻገሪያ ላይ ጥላ ይጥላል።

ገራዶ (ደሴ ዙሪያ)፣ መስከረም 16

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ከፈፉን ግን በአንድ ቀለም ዙሪያውን አያድርጉት። በአንድ ቀለም የተከበበ እንደሆነ ዓይን ማሳውን ትቶ ድንበሩን ያያል። እያንዳንዱን ጎን እዚያ ባለው ቀለም፣ በአጭር ዓይን (ክሩ ኪሮሹ ላይ አስቀድሞ ሳይጠመጠም በሚሠራው)፣ በአንድ ረድፍ ብቻ ይዝጉት።

ከቶሳ ሥር (ደሴ)፣ ኅዳር 6

አድርሼ ተመለስሁ። ጥቅምትን ልቅደም ብዬ ነበር፤ የከፈፉ ቀለም ልውውጥ ካሰብሁት በላይ ጊዜ ወሰደ።

እናቴ ብርድ ልብሱን ስትቀበል መጀመሪያ ፊቱን አላየችም፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች። የፈታይ ነገር ነው። ከዚያ ከአፈሩ ጀምራ በመዳፏ ወደ ላይ እየዳሰሰች ሄደችና እሸቱ ላይ ስትደርስ "ይኸ መቼ ነው የተቀየረው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተመልሳ ፈለገችው። ሽሮ መልኩና ቢጫው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ጫፍ ሾልኮ ወጥቶ አገኘች፤ መርፌ አስመጥታ ራሷ ቀበረችው። እኔ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች።

ሌሊቱን ለብሳው አደረች። ከባድ ነው ወይ ስላት፣ ጋቢው ላይ ሲደረብ አይከብድም አለችኝ። አፈሩን ወደ እግሯ፣ ገለባውን ወደ ራስጌዋ አድርጋዋለች።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጎረቤቶቿ ለበዓል ሲያጥቡላት ምን ብለው ይጠቡት? ከላይኛው በኩል ሱፍ፣ ከታችኛው በኩል ሰው ሠራሽ መሆኑ ያሳስበኛል።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፣ ኅዳር 6

እናትሽን እድሜ ይስጥልን።

ሙቅ ውኃ ፈጽሞ እንዳይነካው። ሱፉ በሙቅ ውኃ ታሽቶ ከታጠበ ተጨማድዶ ይያያዛል፤ ሰው ሠራሹ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ ገለባው በኩል ጠቦ፣ አፈሩ በኩል ሰፍቶ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ ሳያሹ እየተጫኑ ይጠቡት። አይጭመቁት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ውኃውን ያስመጥጡት። ገመድ ላይም አይስቀሉት፤ ውኃ ያዘለ ክር በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ ሰሌን ላይ ዘርግተው በጥላ ያድርቁት። ካውያም አያስነኩት፤ ሰው ሠራሽ ክር አንዴ በካውያ ከተመታ ይለጠጥና እንደ በፊቱ አይመለስም።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ከምትልኪ፣ ከጎረቤቶቿ መካከል ፈታይ የነበረች ካለች ለእሷ በቃል ንገሪያት።

ከቶሳ ሥር (ደሴ)፣ ኅዳር 7

አለች፤ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ዛሬ እደውልላታለሁ።